የመጽሐፍ ደጅ ጥናት

በ1934 አሜሪካ ውስጥ አንድ አዲስ ዓይነት ሸክላ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በጊዜው በየቤቱ ይሰማ የነበረው ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ እየተሽከረከረ በአንድ ገጹ ከአምስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም ነበር። አዲሱ ግን ዙሩ ወደ 33⅓ ዝቅ ብሎ፣ መስመሮቹም ተጠጋግተው፣ አንድ ገጹ ሩብ ሰዓት ያህል ይሄዳል። የተቀረጸበት ዘፈን አልነበረም፤ መጽሐፍ ነበር። ያዘጋጀው የአሜሪካ የዓይነ ስውራን ፋውንዴሽን ሲሆን አድማጮቹም ዓይነ ስውራን ብቻ ነበሩ። ዓይናማው ሕዝብ እንዲህ ያለውን ረጅም ሸክላ ከሱቅ በስፋት መግዛት የቻለው በ1948 ነው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ዓይነ ስውሩ ከጎረቤቱ 14 ዓመት ቀድሞ ነበር።

ዕድሉ ግን ግዴታ ተከትሎት መጣ። ደራስያንና አሳታሚዎች መጽሐፋቸው በሸክላ እንዲነበብ የፈቀዱት፣ ሸክላው ከዓይነ ስውራን እጅ እንዳይወጣ፣ በራዲዮ እንዳይተላለፍ፣ ሰው በተሰበሰበበትም እንዳይሰማ ቃል ተገብቶላቸው ነው። በመጀመሪያው ዙር የተቀረጹትን ስናይ መዝሙረ ዳዊት አለ፤ የአሜሪካ የነጻነት አዋጅና ሕገ መንግሥት አለ፤ የሼክስፒር ተውኔቶች አሉ። በሕይወት ካሉት ደራስያን እንደ ኪፕሊንግና ዉድሃውስ ያሉ ጥቂቶች ተጨምረውበታል። የአዘጋጆቹ ጥንቃቄ ከዚህ ይታያል፤ ሼክስፒር ከሞተ 300 ዓመት አልፎታል፣ ዳዊትም ወራሾቹን ልኮ ሒሳብ አይጠይቅም።

የቅጂ መብትና የዓይነ ስውራን ንባብ መጀመሪያ የተጋጩት እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ሁለቱ ታሪኮች ለየብቻቸው ነበር የሚጓዙት። እንግሊዝ ለደራሲ በሥራው ላይ መብት የሰጠችበትን የመጀመሪያ ሕግ ያወጣችው በ1710 ነው። ፓሪስ ውስጥ ቫለንቲን አዩይ የተባለ ሰው ለዓይነ ስውራን ልጆች ትምህርት ቤት የከፈተው ደግሞ በ1785 ነው። የአዩይ ዘዴ የላቲኑን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ ከጀርባው እየተጫኑ ማሳበጥ ነበር። ፊደሉ ትልቅ፣ መጽሐፉ ከባድ ነበር፤ ልጁ አንዱን መስመር በጣቱ ዳስሶ እስኪጨርስ የመነሻውን ቃል ይረሳዋል። መጻፍማ ጭራሽ አይታሰብም።

ሉዊ ብራይ በ1819 ወደዚያ ትምህርት ቤት ሲገባ ዕድሜው አሥር ነበር። የኮርቻ ሠሪ ልጅ ነው፤ በሦስት ዓመቱ በአባቱ የሥራ ቤት ሲጫወት ወስፌ ዓይኑን ወጋው፣ ሕመሙ ወደ ሌላኛው ተዛምቶ ሁለቱም ጠፉ። በ15 ዓመቱ ሻርል ባርቢዬ የተባለ ወታደር ለጨለማ መልእክት ካዘጋጀው የነጥብ ጽሑፍ ተነሥቶ፣ ስድስት ነጥብ ብቻ ያለውን፣ በአንድ የጣት ጫፍ የሚያዝ ፊደል ሠራ። በስሙ ብሬል የሚባለውን ይህን ፊደል በ1829 በመጽሐፍ አወጣው። ፈረንሳይ በይፋ የተቀበለችው በ1854 ነው፤ ብራይ ከሞተ ሁለት ዓመት ቆይቶ።

በብሬል ዘመን የደራሲ መብት ጉዳይ ብዙ ሰው አላስጨነቀም። ምክንያቱ ደግነት ብቻ አልነበረም። አንድ ልብ ወለድ በብሬል ሲገለበጥ በብዙ ጥራዝ ይከፈላል፤ አንዲት በጎ ፈቃደኛ ስሌትና ስታይለስ በሚባሉት የብሬል መጻፊያ ሰሌዳና መውጊያ ነጥብ ነጥቡን ስትወጋ ወራት ይወስድባታል፤ የተገኘው ደግሞ አንድ ቅጂ ነው። ያንን ሰርቆ የሚያተርፍ ሌባ አልተፈጠረም። የአሜሪካ ምክር ቤት የ1976ቱን የቅጂ መብት ሕግ ሲያዘጋጅ እንኳ፣ ለአንድ ዓይነ ስውር አንድ ቅጂ ማዘጋጀት የደራሲውን መብት እንደማይነካ ለማስረዳት በምሳሌነት ጠቅሶታል።

ድምፅ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ድምፅን ዓይናማውም ይወደዋል።

በ1931 የአሜሪካ መንግሥት ለዓይነ ስውራን መጻሕፍት በዓመት 100,000 ዶላር መድቦ ሥራውን ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሕጉ ሸክላንም እንዲጨምር ተሻሻለ። እንግሊዝ በ1935 ተከተለች፤ እዚያ ነገሩን ከገፉት አንዱ በሶም ጦር ሜዳ በ1916 ዓይኑን ያጣው ኢያን ፍሬዘር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝ ሸክላዎች መካከል አንድ የአጋታ ክሪስቲ ወንጀል ነክ ልብ ወለድና አንድ የጆሴፍ ኮንራድ የባሕር ታሪክ ነበሩ። ክሪስቲ ያኔ በሕይወት ያለች፣ መጽሐፏ እንደ ትኩስ ዳቦ የሚሸጥ ደራሲ ናት። አሳታሚዋ ሸክላው ወደ ገበያ ቢፈስ ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም።

ለዚህ ስጋት የተገኘው መፍትሔ ከሕግ መጽሐፍ ብቻ የወጣ አልነበረም፤ ከመሐንዲሶችም ነው የወጣው። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሸክላዎች ዙራቸው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየቀነሰ፣ በመጨረሻ በደቂቃ 8⅓ ደረሰ። ካሴት ሲመጣም ከተለመደው ካሴት ፍጥነት በግማሽ እንዲሄድ፣ በሁለት ፈንታ በአራት መስመር እንዲቀዳ ተደረገ። በአንድ በኩል ብዙ መጽሐፍ በትንሽ ዕቃ ይያዛል፤ ለፖስታም ይቀላል። በሌላ በኩል ያንን ካሴት በተራ ቴፕ ሪከርደር የከተተ ሰው የሚሰማው ትርጉም የሌለው የፍጥነት ጫጫታ ነው። ማጫወቻውን የሚያበድረው ቤተ መጻሕፍቱ ራሱ ነበር፤ ለተመዘገበ ተጠቃሚ ብቻ። አሳታሚው በዚህ ተረጋጋ። ከዚህ ሁሉ የስምምነት ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ብልህ የሆነ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ማንም ሳይከሰስ ቁልፉ ዕቃው ውስጥ ተቀመጠ።

ያም ሆኖ አንድ ችግር ቀረ። ፈቃድ በየመጽሐፉ መጠየቅ ነበረበት።

ደብዳቤ ይጻፋል፤ አሳታሚው ለወኪሉ ያስተላልፋል፤ ወኪሉ ደራሲውን ይፈልጋል። ደራሲው ሞቶ ከሆነ ወራሽ ይፈለጋል። አሳታሚው ድርጅቱን ዘግቶ ከሆነ ደብዳቤው ይመለሳል። አገር ምድሩ የተነጋገረበት መጽሐፍ ዓይነ ስውሩ ዘንድ ሲደርስ ወሬው በርዶ፣ ሰው ወደ ሌላ መጽሐፍ አልፎ ይሆናል። ተማሪ ከሆነ ደግሞ ፈተናው አልፏል። ደራስያኑ በአብዛኛው እሺ ባዮች ነበሩ፤ ይህ ሊካድ አይገባም፣ ብዙዎቹም ያለ አንዳች ክፍያ ፈቅደዋል። ጉዳቱ ያለው እምቢታው ላይ አልነበረም፤ ደጅ ጥናቱ ላይ ነበር። ዓይናማው ገንዘቡን ከፍሎ በአንድ ደቂቃ የሚያነሳውን መጽሐፍ፣ ዓይነ ስውሩ ለማንበብ የሰው በጎ ፈቃድ ይጠብቃል።

ይህን ያስቀረው የአሜሪካ ሕግ በመስከረም 1996 ጸደቀ፤ ባቀረቡት ሴናተር በጆን ቼፊ ስም ይጠራል። የታተመን መጽሐፍ፣ ተውኔት ካልሆነ፣ የታወቀ ድርጅት ለዓይነ ስውራንና ለሌሎች አካል ጉዳተኞች ብቻ በሚሆን ቅርጽ ማንንም ሳያስፈቅድ እንዲገለብጥ ፈቀደ። ይህ ሕግ የተወለደው ከፍርድ ቤት ጠብ አይደለም፤ የዓይነ ስውራኑ ብሔራዊ ፌዴሬሽንና የአሳታሚዎቹ ማኅበር ቁጭ ብለው ተስማምተው ያመጡት ነው። አሳታሚዎቹ የፈቃድ ደብዳቤ መመለሱ ለራሳቸውም ሥራ ሆኖባቸው ነበር። እንግሊዝ ተመሳሳዩን በ2002 አወጣች። በአሜሪካው ሕግ ጥላ ሥር በ2002 ሥራ የጀመረው ቡክሼር የተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ዛሬ ከአንድ ሚሊዮን በላይ መጻሕፍት አሉት።

ነገሩ ያለቀ ሲመስል ኮምፒውተሩ ራሱ ማንበብ ጀመረ። በየካቲት 2009 አማዞን ኪንድል የተባለውን የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ሁለተኛ ዓይነት ለገበያ ሲያቀርብ፣ የገዙትን መጽሐፍ በማሽን ድምፅ ጮክ ብሎ የሚያነብ መሣሪያ ጨመረበት። የአሜሪካ ደራስያን ማኅበር ተቆጣ። ክርክሩ ከንቱ አልነበረም፦ የተተረከ መጽሐፍ ለብቻው የሚሸጥ፣ ለደራሲው ለብቻው የሚከፈልበት ሸቀጥ ሆኗል፤ ማሽኑ ዛሬ ቢንተባተብም ነገ እንደ ሰው ማንበቡ አይቀርም የሚል ነበር። (በዚህ በኩል ትንቢታቸው ደርሷል።) አማዞን በቀናት ውስጥ ተመልሶ፣ ድምፁ ይከፈት ወይም ይዘጋ የሚለውን ለአሳታሚዎች ተወ። ብዙ መጽሐፍ ዝም አለ።

በሚያዝያ ዓይነ ስውራን ነጭ በትራቸውን ይዘው ኒው ዮርክ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ሰልፍ ወጡ። ማኅበሩ ለእነሱ የተለየ መዝገብ ይዘጋጅ ማለቱን ነበር የተቃወሙት። ሰልፈኞቹ መጽሐፉን እንደማንም ሰው ከፍለው ነው የገዙት፤ ለመስማት ግን ዓይነ ስውርነትህን አረጋግጥ፣ ተመዝገብ ተባሉ። ያው የድሮው ደጅ ጥናት ነው፤ የአሁኑ የሚለየው ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ በመምጣቱ ነው። ደራስያኑ ለገበያቸው መስጋታቸው ልክ ነበር፤ ስጋታቸውን ያወራረዱት ግን ባልበደላቸው አንባቢ ላይ ነው።

ያው ማኅበር በ2011 የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያሰባሰቡትን በስካነር የተነሣ የመጻሕፍት ክምችት፣ ሃቲትረስትን፣ ከሰሰ። የዓይነ ስውራኑ ፌዴሬሽን ወደ ክሱ ገባ። በ2014 የኒው ዮርኩ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ኅትመት ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ሙሉውን መጽሐፍ መስጠት ተገቢ አጠቃቀም ነው ብሎ ወሰነ። ከመከራከሪያዎቹ አንዱ ያ የ1976ቱ የምክር ቤት ማብራሪያ ነበር፤ ለአንድ ዓይነ ስውር አንድ ቅጂ የሚለው።

ይህ ሁሉ ግን በየአገሩ ድንበር ውስጥ ነው። የቅጂ መብት ሕግ ቀረጥ እንደሌለበት ዕቃ ድንበር አይሻገርም፤ እንግሊዝ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ የተሠራ የብሬል ቅጂ ለሌላ አገር ዓይነ ስውር ሲላክ ሕገ ወጥ ይሆን ነበር። ሁለተኛው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ሲወጣ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሆኑ አገሮች ያሉ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያንኑ መጽሐፍ በብሬል አምስት ጊዜ፣ በድምፅ ስምንት ጊዜ ለየራሳቸው ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። የስፔኑ የዓይነ ስውራን ድርጅት ኦንሴ ከ100,000 በላይ መጻሕፍት በመደርደሪያው እያሉት፣ በዚያው ቋንቋ ለሚያነቡት የደቡብ አሜሪካ ዓይነ ስውራን መላክ አይችልም ነበር። የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት እንደገመተው በሀብታሞቹ አገሮች እንኳ ዓይነ ስውር ሊያነበው በሚችል መልክ የሚገኘው ከሚታተመው መጽሐፍ 7 በመቶ ያህሉ ነበር፤ በድሆቹ አገሮች ከ1 በመቶ በታች።

መፍትሔው ሳይታወቅ ቀርቶ አይደለም። ዋንዳ ኖኤል የተባለች ካናዳዊት የሕግ ባለሙያ በ1985 ለዩኔስኮና ለዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት ባቀረበችው ጥናት ዓለም አቀፍ ውል ያስፈልጋል ብላ ጽፋ ነበር። ወረቀቱ ጄኔቫ መሳቢያ ውስጥ ተኛ። በ2009 ብራዚል፣ ኢኳዶርና ፓራጓይ የዓይነ ስውራኑን ረቂቅ በስማቸው አቀረቡት። በ2010 ሙዚቀኛው ስቲቪ ዎንደር ራሱ ጄኔቫ ሄዶ የአገራቱን ተወካዮች ተማጸነ። ድርድሩን በብርቱ ከተከታተሉት መካከል፣ ከብሬል ጋር ምን እንደሚያገናኘው ለማሰብ ቢያስቸግርም፣ የሆሊዉድ ፊልም ኢንዱስትሪ ይገኝበታል። ኢንዱስትሪው የሚፈራው ይህን ውል ሳይሆን ይህን ተከትሎ የሚመጣውን ነበር። በመጨረሻ ፊልምና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ጉዳይ ከረቂቁ ወጣ።

ውሉ ሞሮኮ፣ ማራካሽ ላይ ሰኔ 27 ቀን 2013 ጸደቀ። በማግስቱ 51 አገሮች ፈረሙ፤ ስቲቪ ዎንደርም በቃሉ መሠረት መጥቶ ዘፈነ። የውሉ ፍሬ ነገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ ተዋዋይ አገር በራሱ ሕግ ውስጥ ያለ ፈቃድ መገልበጥን ማስገባት አለበት፤ ሁለተኛ፣ ቅጂው ከአገር አገር እንዲላክ መፍቀድ አለበት። ለደራሲው ወገን የተተወለትም አለ፦ አንድ አገር ከፈለገ፣ መጽሐፉ ለዓይነ ስውራን በሚመች መልክ በገበያ ላይ ካለ ነጻ ግልበጣውን መከልከል ይችላል፤ ለደራሲው ካሳ ይከፈል ማለትም ይችላል። የብዙ አገር ዓይነ ስውራን ይህችን የካሳ አንቀጽ አይወዷትም፤ የበጎ አድራጎት ድርጅት ገንዘብ ከመጽሐፍ ሥራ ወደ ካሳ ክፍያ ይሄዳልና። ሕንድ በ2014 ውሉን በማጽደቅ አንደኛ ሆነች። ካናዳ በ2016 ሃያኛዋ ስትሆን ውሉ መስከረም 30 ቀን ሥራ ላይ ዋለ።

በአፍሪካ ብዙ ካስተማሩት አንዱ የደቡብ አፍሪካ ጉዳይ ነው። እዚያ በአፓርታይድ ዘመን፣ በ1978፣ የወጣው የቅጂ መብት ሕግ ለዓይነ ስውራን ምንም ቀዳዳ አልተወም ነበር። ምክር ቤቱ ማሻሻያውን ለዓመታት ሲያንከባልል፣ ብላይንድ ኤስኤ የተባለው ድርጅት ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በመስከረም 2022 ሕጉ የእኩልነትንና የክብርን መብት ይጥሳል ብሎ ወሰነ፤ ምክር ቤቱ እስኪያስተካክል ድረስም የጎደለውን አንቀጽ ራሱ ጽፎ አስገባበት።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ፣ ዓይነ ስውሩ ከመጽሐፍ ጋር የተዋወቀው ብሬል ከመምጣቱ ብዙ አስቀድሞ ነው። በአብነት ትምህርት ቤት የቃል ትምህርት አለ፤ ዜማውንም ቅኔውንም በጆሮ ተቀብሎ በቃሉ የያዘ ዓይነ ስውር ተማሪ፣ በኋላም መርጌታ ሆኖ ዓይናሞችን የሚያስተምር፣ እንግዳ ነገር አልነበረም። ዓለማዊው መጽሐፍ ደግሞ በራዲዮ ገባ። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን ሲተርክ ከራዲዮው ጥግ ከተቀመጡት መካከል ዓይናማና ዓይነ ስውር የሚባል ልዩነት አልነበረም። በአሜሪካ ሸክላዎች ላይ የተከለከለውን፣ መጽሐፍን በራዲዮ ለሁሉም ማንበብን፣ እኛ በአገር ደረጃ አደረግነው።

የአማርኛ ብሬል የራሱ ፈተና አለው። ስድስቱ ነጥቦች የሚሰጡት 63 ቅርጽ ነው፤ የፊደል ገበታችን ደግሞ ዲቃላዎቹን ሳይጨምር 231 ፊደላት አሉት። ስለዚህ ፊደሉ ተነጣጥሎ ነው የሚጻፈው፤ መጀመሪያ የተነባቢው ነጥብ፣ ቀጥሎ የአናባቢው። አንድ ፊደል ብዙ ጊዜ ሁለት ቦታ ይወስዳል ማለት ነው። ወፍራሙ የብሬል መጽሐፍ በአማርኛ ይበልጥ ይወፍራል።

በሕጉ በኩል የደራሲ መብት በ1952 ዓ.ም. በፍትሐ ብሔር ሕጉ ገባ፤ በ1996 ዓ.ም. ራሱን የቻለ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ወጣለት። የማራካሹን ውል ኢትዮጵያ በ2020 ተቀብላለች። በዚህም ኢትዮጵያዊው ዓይነ ስውር ከአሜሪካና ከአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የእንግሊዝኛ መጻሕፍትን የማግኘት መንገድ ተከፍቶለታል፤ በውጭ አገር የሚኖረውም ወገኑ ከዚህ የአማርኛ ቅጂ ሊላክለት ይችላል። የሚላክ ቅጂ ካለ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ደራሲዎቻችን መጽሐፋቸው በስካነር ተነሥቶ በቴሌግራም ሲበተን ማየታቸው የዕለት ተዕለት ሮሮ ነው፤ እውነትም ነው። ግን የሚበተነው በአብዛኛው የገጹ ፎቶግራፍ ነው። የስልኩ አንባቢ ድምፅ ፎቶግራፍ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ስለዚህ የተሰረቀው መጽሐፍ ለዓይናማው ሁሉ በነጻ ሲደርስ፣ ከዓይነ ስውሩ እንደራቀ ይቀራል። ዓይነ ስውሩን ያልጠቀመ ስርቆት ምክንያት ሆኖ ዓይነ ስውሩ ሲጠረጠር፣ ሲከለከል ማየት አግባብ አይደለም።

የማራካሽ ውል መገልበጥን ይፈቅዳል እንጂ አሳታሚ ፋይሉን ይስጥ ብሎ አያስገድድም። ስለዚህ ዛሬም አንድ የአማርኛ ልብ ወለድ ወደ ብሬል እንዲገባ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር እንደገና መተየብ አለበት፤ ያ ጽሑፍ ግን ተተይቦ፣ ታርሞ በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጧል። ደራስያንና አሳታሚዎች ሆይ፤ መጽሐፋችሁ ማተሚያ ቤት በገባ ዕለት የጽሑፉን ፋይል ለዓይነ ስውራን ማኅበር ወይም ብሬል ለሚያዘጋጅ ቤተ መጻሕፍት፣ ለዓይነ ስውራን ብቻ ይሁን የሚል ውል አስፈርማችሁ ስጡ።